የአቶሚክ መሣሪያና የማሰቢያ ጊዜ

(የሳይንስ ክበብ አባሎች በትምህርት ቤቱ የምሥረታ በዓል ላይ ያደረጉት ንግግር)



ዛሬ የምንናገረው ስለ አቶሚክ መሣሪያ ነው። ስለ ቦምቡ ኃይል ግን አይደለም፤ እሱንማ ሒሮሺማና ናጋሳኪ ከተቃጠሉበት ከ1945 ጀምሮ ዓለም ሁሉ ያውቀዋል። (ዓመቶቹን የምንጠራው በኤውሮጳ አቆጣጠር ነው።) ልናመለክት ያሰብነው፥ አዳዲስ የጥበብ ሥራዎች መሣሪያውን በያዙት መንግሥታት የማሰቢያ ጊዜ ላይ የሚያመጡትን ለውጥ ነው።

ከአንዱ ክፍለ ዓለም ወደ ሌላው የሚወረወር ሮኬት ከተነሣበት እስከሚወድቅበት 30 ደቂቃ ያህል ይፈጅበታል። ሮኬቱን ለማየት፥ ለማረጋገጥና ለመሪው ለማስታወቅ የሚያልፈው ጊዜ ሲቀነስ፥ ለመሪው የሚተርፉት ጥቂት ደቂቃዎች ብቻ ናቸው። በእኛ አገር ሁለት ጎረቤቶች በአንድ የድንበር ክርክር ሽማግሌ ሲይዙ እንኳ ቀጠሮው ከዚህ ይረዝማል!

ማሽን ይሳሳታል ወይ? የሚል ቢኖር መልሱ ቅርብ ነው። በኖቬምበር 9 ቀን 1979 በአሜሪካ የአየር መከላከያ ጣቢያ ለልምምድ የተዘጋጀ የጦርነት ምሳሌ ወደ እውነተኛው የማስጠንቀቂያ ኮምፒዩተር ገብቶ፥ ብዙ የሶቪየት ሮኬቶች የሚመጡ አስመሰለ። በሚቀጥለው ዓመት በጁን ደግሞ ዋጋዋ አንድ ዶላር የማይሞላ የኮምፒዩተር ዕቃ ተበላሽታ፥ የሌሉ ሮኬቶችን በሰሌዳው ላይ ቆጠረች። በሁለቱም ጊዜ ሰዎች ከሌሎች ራዳሮችና ሳተላይቶች ጋር አመሳክረው ሐሰት መሆኑን ደረሱበት።

ከሁሉ የሚያስደንቀው ግን በሴፕቴምበር 26 ቀን 1983 በሶቪየት ኅብረት የሆነው ነው። በዚያች ሌሊት ሰርፑኾቭ 15 በተባለው ጣቢያ ተረኛ የነበሩት ሌተና ኮሎኔል ስታኒስላቭ ፔትሮቭ ነበሩ። ማስጠንቀቂያው በመጀመሪያ አንድ፥ ቀጥሎም በጠቅላላው አምስት ሮኬቶች ከአሜሪካ ተነሥተዋል አለ። ወሩም ክፉ ወር ነበር፤ በመጀመሪያው ቀን አንድ የሶቪየት ተዋጊ አውሮፕላን የኮርያን የመንገደኞች አውሮፕላን ጥሎ 269 ሰዎች አልቀዋል። ፔትሮቭ ግን ይህን ያህል ጦርነት የሚጀምር በአምስት ሮኬት አይጀምርም፥ የምድር ራዳሮችም ምንም አላዩም ብለው አሰቡ፤ ለአለቆቻቸውም ማስጠንቀቂያው ሐሰተኛ ነው ሲሉ አስታወቁ። በኋላ ሲመረመር፥ ሳተላይቱን ያሳሳተው ከደመና ላይ የተንጸባረቀ የፀሐይ ብርሃን ሆኖ ተገኘ።

እንግዲህ በዚያ ወንበር ላይ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ተቀምጦ ቢሆንስ? ይህ ማሽን የሚያውቀው ከብዙ ምሳሌ የተማረውን ነው። ሁለት መንግሥታት በአቶሚክ የተዋጉበት ጦርነት ግን ተደርጎ አያውቅም፤ ታዲያ ምሳሌውን ከየት ያገኛል? ሰዎች ለልምምድ ከጻፉት ጨዋታ ካልሆነ በቀር ሌላ የለም። በ1979 የሆነውም የዚያው ዓይነት ጨዋታ ሥራ ነበር። ስለዚህ፥ ማሽኑ ከሰው ፈጥኖ ያስባልና ይሻላል የሚሉትን አንቀበልም።

ፍጥነቱም በዚህ አላበቃም። ከድምፅ አምስት እጥፍ በላይ እየበረሩ በመንገዳቸው የሚታጠፉ ሮኬቶች ተሠርተዋል፤ ዝቅ ብለው ስለሚበሩ የምድር ራዳር ዘግይቶ ያያቸዋል። በኮምፒዩተር መረብ ሰርገው የሚገቡም አሉ። የማስጠንቀቂያ ዓይኑ እንዳይታወርበት የሚፈራ መንግሥት ደግሞ ቀድሞ ለመተኰስ ይቸኩላል።

ጊዜን የሚጨምር ጥበብም አለ። ከ1962ቱ የኩባ ጭንቅ በኋላ፥ በ1963 በዋሽንግተንና በሞስኮ መካከል ቀጥተኛ መገናኛ ተዘረጋ። ብዙ ሰው ቀይ ስልክ ይመስለዋል፤ በውነቱ ግን የጽሑፍ መሣሪያ ነበር። የተጻፈ ቃል በጥድፊያ አይመለስምና፥ ጽሑፍ መሆኑ ጠቀመ።

አገራችንም በዚህ ነገር ዝም አላለችም። ኢትዮጵያ ከሌሎች አገሮች ጋር ሆና ያቀረበችውን፥ የአቶሚክን መሣሪያ በጦርነት መጠቀም የተባበሩት መንግሥታትን ቻርተር መጣስ ነው የሚለውን ውሳኔ፥ ጠቅላላው ጉባኤ በኖቬምበር 24 ቀን 1961 በ55 ድምፅ ተቀበለው፤ 20 ተቃወሙ፥ 26 ድምፃቸውን አልሰጡም።

በኖቬምበር 2024 ደግሞ የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ባይደንና የቻይናው ፕሬዚዳንት ሺ በፔሩ ዋና ከተማ በሊማ ተገናኝተው፥ በአቶሚክ መሣሪያ የመጠቀም ውሳኔ በሰው እጅ እንዲቆይ ተስማምተዋል። መልካም ቃል ነው፤ ነገር ግን የተፈረመ ውል አይደለም፥ መፈጸሙን የሚመረምርም አልተሾመበትም።

 ዲሬክተራችን አሥር ደቂቃ ስለ ፈቀዱልን፥ ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አንሡ።