«እርሺው» አትበሏት



በአጣዬ ከተማ ነግቷል። ባጃጁ ይጮኻል፣ ሱቁ ይከፈታል። ድንገት አንድ የቆርቆሮ በር ድው ይላል። አንዲት ጎረቤታችን ትደነግጣለች። ልቧ ይመታል፣ እጇ ይንቀጠቀጣል። እኛስ? እንስቃለን። «አሁንም ትፈሪያለሽ? እርሺው!» እንላለን።

አጣዬ በ2013 ዓ.ም. ቤት ንብረቷ ሲቃጠል አይታለች። ቤቱ ተመልሶ ይሠራል። ድንጋጤው ግን ከሰው ውስጥ ቶሎ አይወጣም።

የሥነ ልቦና ባለሙያ «እርሺው» አይልም። መጀመሪያ ያዳምጣል። ከዚያ ሰውየውን ከሚሸሸው ነገር ጋር ቀስ በቀስ ያለማምደዋል። ዛሬ ትንሽ፣ ነገ ትንሽ። ጭንቀት ይዞት በሩን ደጋግሞ የሚፈትሽ ሰውም እንዲሁ ነው። አንዴ ፈትሾ፣ ጭንቀቱ በራሱ እስኪበርድ መቆየትን ይለማመዳል። ባለሙያው አያስገድደውም፣ አይቸኩልበትም።

እኛ ባለሙያ አይደለንም። ማዳመጥ ግን እንችላለን። አለመሳቅ እንችላለን። ጭንቀቱ አንድን ሰው እንቅልፍ ከነሳው፣ ሥራ ካስፈታው፣ ወደ ጤና ጣቢያ አብረነው መሄድ እንችላለን። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም።

ዛሬ የደነገጠ ሰው ካያችሁ አትሳቁ። አጠገቡ ተቀመጡ። ስሙት።