ስለ ዶሮዎች የአፈር መታጠቢያ
(በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ ላሉ ዶሮ አርቢዎችና የልማት ሠራተኞች የተሰጠ ንግግር)



ዛሬ የምነግራችሁ ገንዘብ ስለማያስወጣ፣ ነገር ግን ብዙ ሰው ስለሚንቀው ጉዳይ ነው። ይኸውም ዶሮዎች በደረቅ አፈርና በአመድ ላይ እየተንከባለሉ ገላቸውን ከተባይ የሚያጸዱበት ልማድ ነው። ዶሮ የጎመን መደብ ጭራ ጉድጓድ ስታበጅ፣ በጎኗም ተኝታ አፈሩን በክንፏ ስትበትን ያየ ሰው ድንጋይ አንሥቶ ያባርራታል። ጎመኑ ስለሚበላሽበት ቢቈጣ አይፈረድበትም። ዶሮዪቱ ግን ገላዋን እየታጠበች ነው።

ጤነኛ ዶሮ ቦታ ካገኘች በሁለት ቀን አንድ ጊዜ ያህል፣ አብዛኛውን ጊዜም ፀሐይ በሞቀችበት በቀትር፣ እስከ ግማሽ ሰዓት ትታጠባለች። ደቃቁ አፈር እስከ ላባዋ ሥር ገብቶ የተጠራቀመውን ቅባት ይመጥጣል፤ ተነሥታ ስትራገፍም ቅባቱና ከተባዩ ከፊሉ አብሮ ይወድቃል። ለዘር ያስቀመጣችሁትን በቆሎ ወይም ባቄላ ከነቀዝ ለመጠበቅ አመድ የምትቀላቅሉ ሰዎች የቀረውን ምክንያት ከእኔ መስማት አያሻችሁም። የነቀዝም ሆነ የቅማል ገላ ውሃው እንዳይተንበት በስስ ሰም የተሸፈነ ነው። ደቃቅ ዱቄት ይህን ሰም ሲፍቀውና ሲመጥጠው ተባዩ ደርቆ ይሞታል።

ይህ ነገር በምርምርም ተፈትኗል። በአሜሪካ አገር በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጡት ጽሑፍ፣ ደቃቅ ነጭ ሸክላ ወይም ድኝ ወይም ዳያቶማይት የሚባለው ነጭ አፈር በሣጥን ተደርጎ ሲቀርብላቸው በሣጥኑ የታጠቡት ዶሮዎች ተባይ በአንድ ሳምንት ውስጥ ከመቶ 80 እስከ 100 እንደ ቀነሰ ገልጸዋል። ነጭ ሸክላው ወይም ዳያቶማይቱ ሲያልቅ ግን ተባዩ እንደገና መብዛት ጀምሯል። ስለዚህ መታጠቢያው ዘወትር መሞላት አለበት።

አሁን ወደ እናንተ አካባቢ ልምጣ። ሦስቱም ከተሞች በ2015 ዓ.ም. ወደ ሸገር ከተማ ከተጠቃለሉ ወዲህም ሆነ ከዚያ በፊት ግቢው እየጠበበ፣ መሬቱም በሲሚንቶና በድንጋይ እየተሸፈነ ሄዷል። የ45 ቀን ቄብ ገዝቶ በቆርቆሮ ቤት ዘግቶ የሚያረባው ሰው በዝቷል። እነዚህ ቄቦች አፈር አይተው አያውቁም፤ ሆኖም በባዶ ወለል ላይ ተኝተው በክንፋቸው የሌለ አፈር ሲበትኑ ታዩአቸዋላችሁ። ይህን ያየ ሰው ዶሮዎቹ ምን እንደ ጎደላቸው ሌላ ምስክር አያስፈልገውም። በሱሉልታ ሜዳ ደግሞ አፈር ሞልቷል፤ ነገር ግን ጥቁሩ የዋልካ አፈር በክረምት ይጨቀያል፣ በበጋ ደግሞ እንደ ድንጋይ ይጓጉላል። ዶሮ በጓል አትታጠብም።

መታጠቢያውን ለመሥራት የአትክልት ሣጥን፣ አሮጌ የመኪና ጎማ ወይም ለሁለት የተሰነጠቀ በርሜል ይበቃል። ለስምንትና ለዐሥር ዶሮ ጎኑ 60 ሳንቲ ሜትር፣ ከፍታው 30 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ጥሩ ነው። ሁለት እጅ የተነፋ ደረቅ አፈር ወይም ደቃቅ አሸዋ፣ አንድ እጅ የተነፋና ፈጽሞ የቀዘቀዘ የእንጨት አመድ ቀላቅሉና እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ሙሉት። ፀሐይ የሚያገኝበትን፣ ዝናብ ግን የማይደርስበትን ቦታ ምረጡ። አመድ ሲረጥብ የዶሮዋን ቆዳ ያቃጥላል፤ በመሆኑም የረጠበውን አውጥቶ መጣል ግዴታ ነው። ፌስታል፣ ጎማ ወይም ቀለም የተቀባ ጣውላ የተቃጠለበትን አመድ አታስገቡ። ኩሱንም በየቀኑ ልቀሙ፤ አለዚያ መታጠቢያው የሆድ ትል መተላለፊያ ይሆናል።

ይህ ሁሉ የሚረዳው በተለይ ለቅማል ነው። ቅማል ዕድሜውን ሙሉ ከዶሮዋ ገላ አይለይም፤ እንቁላሉንም በላባ ሥር አጣብቆ ይጥላል። ዶሮዋን በብርሃን ይዛችሁ ከጅራቷ በታችና ከክንፏ ሥር ላባውን ግለጡ፤ ገለባ የመሰለ ነገር ሲሮጥ፣ በላባውም ሥር ነጭ ጥፍጥፍ ካያችሁ ቅማል አለ ማለት ነው። አፈሩ እንቁላሉን ስለማይገድል፣ የተፈለፈለው ሁሉ በተራው እስኪሞት ድረስ ሳምንታት መታገሥ ያስፈልጋል።

በሌሊት ወጥቶ ደም የሚመጠው ቀይ ተባይ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ይህ ተባይ ቀን ቀን በዶሮዋ ላይ አይገኝም። በግድግዳ ስንጥቅና በቆጡ እንጨት ውስጥ ተሸሽጎ ይውላል፤ ሳይበላም ለወራት መኖር ይችላል። ብዙዎቻችሁ ቆጡን የምትሠሩት ከነቅርፊቱ ባለ የባሕር ዛፍ እንጨት ነው፤ ቅርፊቱም ሲደርቅ ይላቀቅና ለዚህ ተባይ የተመቸ ቤት ይሆነዋል። ከመሸ ሁለት ሰዓት ያህል በኋላ ባትሪ ይዛችሁ ግቡና በነጭ ጨርቅ የቆጡን ሥር እሹ። ጨርቁ ደም ከነካው ተባዩ አለ። ቅርፊቱን ልጣችሁ አቃጥሉት፤ ዶሮዎቹን አስወጥታችሁ እንጨቱን የፈላ ውሃ አፍስሱበት፤ ከአንድ ሳምንት በኋላም ድገሙት። የግድግዳውን ስንጥቅ በጭቃ ምረጉ። ይህ ሳይደረግ መታጠቢያ ሣጥን ብቻ ማቅረብ ቀዳዳ እንስራ እንደ መሙላት ነው።

ይህ ተባይ ይበልጥ የሚጎዳው እንቁላል የታቀፈችውን ዶሮ ነው። ታቅፋ የምትቈየው 21 ቀን ሲሆን፣ ለመብላትና ለመጠጣት ካልሆነ አትነሣም፤ የመታጠቢያም ጊዜዋ አጭር ነው። ገለባው ሞቃት ነው፤ ተባዩ ከሥሯ ይረባል። በመጨረሻም እንቁላሉን ጥላ ትነሣለች። ባለቤቱም «ይህች ዶሮ አትታቀፍም» ብሎ ለበዓል ያርዳታል። ከማረዳችሁ በፊት ገለባውን ፈትሹት! ለማስታቀፍ ስታስቡ አስቀድማችሁ ጎጆውን በአዲስ ገለባ ለውጡ፤ ከገለባውም በታች ደረቅ አመድ በስሱ ንስነሱ፤ ከጎጆዋም ብዙ በማይርቅ ስፍራ መታጠቢያ አኑሩላት።

በዓይንና በኩክኒ ዙሪያ ተጣብቆ የሚቀረው ቁንጫም በአፈር መታጠብ አይነቀልም። እንዲያውም እጩ በደረቅና በላላ አፈር ውስጥ ያድጋል። ስለዚህ ይህን ቁንጫ ያያችሁ እንደ ሆነ የሣጥኑን አፈር በሙሉ ቀይሩ፤ የተጣበቀውንም ቅባት ቀብታችሁ ልቀሙ። የእግር ቅርፊት ለተነሣባት ዶሮም እግሯን በሞቀ ውሃና በሳሙና አጥቦ ቫዝሊን መቀባት ይሻላል። ፈንግልን በሚመለከት አፈር ምንም አይረዳም፤ ዋናው መከላከያ ክትባት ነው።

የልማት ሠራተኞች ሆይ፤ ለእህል የተገዛውን የፀረ ተባይ መድኃኒት በዶሮ ላይ የሚነሰንስ ሰው ስታገኙ አጥብቃችሁ ከልክሉ። መርዙ ወደ እንቁላሉ ይገባል፤ እንቁላሉንም የሚበላው ልጅ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 በኔዘርላንድና በቤልጅየም ይህንኑ ቀይ ተባይ ለማጥፋት ፊፕሮኒል የሚባል የተከለከለ መድኃኒት በዶሮ ቤቶች በመረጨቱ በሚሊዮን የሚቈጠር እንቁላል ከገበያ ተሰብስቦ ተወግዷል። መድኃኒት ካስፈለገ የእንስሳት ሐኪም ይዘዘው። ምክንያቱ ያልታወቀ ሞት ሲበዛም በወረዳው ሐኪም በኩል በሰበታ የሚገኘውን የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት ጠይቁ፤ ቅርባችሁ ነው።

የሚቀረው የክረምቱ ነገር ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም ደረቅ አፈር አታገኙም። ስለዚህ በበጋ፣ መሬቱ ገና ደረቅ ሳለ፣ ነፍታችሁ ሁለት የማዳበሪያ ከረጢት አፈር አስቀምጡ። አመዱን ለብቻው ክዳን ባለው ቆርቆሮ አኑሩት፤ ከምድጃ የወጣ ፍም እንዳይኖርበት ፈጽሞ እስኪቀዘቅዝ አቈይታችሁ ክተቱት።