ሥራ ለመልቀቅ የአሠሪ ፈቃድ ያስፈልጋልን?

(የማኅበራችን ጸሐፊ በነዋሪዎች ስብሰባ ላይ ያሰማው ንግግር)



ስለ ቦይ ጠረጋውና ስለ መዋጮው ከመነጋገራችን በፊት አንድ ጉዳይ ላነሳ እወዳለሁ። በቅርቡ ሦስት ወጣቶች በየተራ ቤቴ መጥተው ያው አንድ ጥያቄ ጠየቁኝ። «ጋሼ፣ ሥራ ልለቅ ፈልጌ አሠሪዬ አልቀበልም አለኝ፤ ምን ላድርግ?» ነው ነገሩ። አንደኛው ማመልከቻውን ሲሰጥ ባለቤቱ ፊቱ ላይ ቀደደበት። ሁለተኛዋ «በምትክሽ ሰው ሳታመጪ አትሄጂም» ተባለች። ሦስተኛው የስምንተኛ ክፍል ካርዱ በአሠሪው መሳቢያ ተቆልፎበታል።

ይሄ ነገር እኔም ላይ ደርሷል። በወጣትነቴ ከዚህ ርቄ በአንድ የእህል መጋዘን ስሠራ እለቃለሁ ብል «ማን ፈቀደልህ?» ተባልኩ። እኔም ፈቃድ የሚያስፈልግ መስሎኝ አራት ወር ሙሉ ጠበቅሁ። ኋላ ሲመረኝ ሌሊት ጥዬ ወጣሁ። የሁለት ወር ደመወዜ እዚያው ቀረ። ዋስ የሆነኝ አጎቴም «ጉድለት አለበት» እየተባለ ስንት ጊዜ ተመላለሰ፤ እስኪሞት ድረስ ቀና ብዬ አላየሁትም። ያን ጊዜ ሕጉን የሚያነብልኝ ሰው ባገኝ ኖሮ እንዲያ አልሆንም ነበር።

ሕጉ እንዲህ ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156፣ አንቀጽ 31፣ የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ውሉን ማቋረጥ እንደሚችል ይደነግጋል። ልብ በሉ፣ ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ነው እንጂ አስፈቅዶ አይደለም። አሠሪው እሺ አለም አላለም ቀኑ ይቆጠራል፤ የሚቆጠረውም ማስጠንቀቂያው ከተሰጠበት ቀጥሎ ካለው የሥራ ቀን ጀምሮ ነው።

ታዲያ ጭቅጭቁ ሁሉ «ደርሶኛል፣ አልደረሰኝም» ላይ ነው። ማመልከቻውን በሁለት ኮፒ ጻፉ። መጻፍ የማይችል ወደ እኔ ይምጣ፣ እጄ እንደ ጠበቃ ባይሆንም ይነበባል። በአንዱ ኮፒ ላይ «ተቀብያለሁ» ብሎ እንዲፈርም ጠይቁ። አልፈርምም ካለ ሁለት ምስክር ይዛችሁ እጁ ላይ ስጡት፣ ወይም ቢሮው አስገቡ። ፖስታ ቤት ሄዳችሁ በአደራ ደብዳቤ መላክም ይቻላል፤ ደረሰኙን እንደ ዓይናችሁ ብሌን ጠብቁ። ቢቀደው አትደንግጡ፣ የቀደደው የራሱን ኮፒ ነው።

ሠላሳውን ቀን ግን ሥሩ። በገበያ ቀን ወፍጮውን ለባለቤቱ ጥሎ መጥፋት ደግ አይደለም፤ ሕጉም ቢሆን ያለ ማስጠንቀቂያ የጠፋውን ሠራተኛ እስከ 30 ቀን ደመወዙ ካሣ ያስከፍለዋል። ቁልፉን፣ ገንዘቡን፣ ዕቃውን በጽሑፍ ተረካከቡ። እኔ የወደቅሁት እዚህ ላይ ነው፤ ብረካከብ ኖሮ አጎቴን ማን ይነካው ነበር? አሠሪው ክብር የሚነካ በደል ከፈጸመ፣ ወሲባዊ ትንኮሳ ወይም ጥቃት ካደረሰ፣ ወይም በጤናና በደኅንነት ላይ የመጣ አደጋ እያወቀ ዝም ካለ፣ በአንቀጽ 32 መሠረት ያለ ማስጠንቀቂያ መውጣት ይቻላል። ነገር ግን በ15 የሥራ ቀናት ውስጥ ካልተጠቀሙበት ይቀራል።

ከለቀቃችሁ በኋላ ቀሪው ደመወዝ በ7 የሥራ ቀናት ውስጥ ይከፈላል፣ የሥራ ልምድ ወረቀትም ያለ ክፍያ ይሰጣል። እምቢ ካለ ክሱ ስድስት ወር ሳያልፈው መቅረብ አለበት። ዛሬ ነገ እያላችሁ አታሳልፉት። የትምህርት ካርዳችሁንም ለማንም ዋናውን አትስጡ፣ ኮፒው ይበቃል።

እናቶች አትቀየሙኝ፣ አሁን ወደ ራሳችን ቤት ልግባ። ይህ አዋጅ የቤት ሠራተኛን አይመለከትም፤ የግል አገልግሎት ተብሎ ተለይቷል። ሆኖም በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 18 ሰውን በባርነትም ሆነ በግዴታ አገልጋይነት መያዝን ይከለክላል። ከገጠር የመጣችው ልጅ «አባቴ ታሟል፣ ልሂድ» ስትል ልብሷን ደብቀን፣ ደመወዟን ይዘን «ከፋሲካ በኋላ» የምንል እኮ እኛው ነን። ያቺው ልጅ ዓረብ አገር ሄዳ ማዳሟ ፓስፖርቷን ስትይዝባት ደግሞ እናለቅሳለን።

የዓረቡ ነገር የባሰ ነው። በከፊል ሥርዓት ሠራተኛዋ የምትኖረው በአሠሪዋ ስም ስለሆነ፣ ጥላ ከወጣች «ጠፋች» ተብላ ትታሰራለች። ኳታር በነሐሴ 2012 ያለ አሠሪ ፈቃድ ሥራ መቀየርን ለቤት ሠራተኞችም ፈቅዳለች። ሳዑዲ ዓረቢያ በመጋቢት 2013 ያደረገችው ማሻሻያ ግን የቤት ሠራተኞችን አላካተተም። ልጅ የምትልኩ ወላጆች ውሉን አስነብባችሁ፣ የውሉንና የፓስፖርቱን ኮፒ ቤት አስቀሩ።

የማመልከቻውን ናሙና ከዚህ ጽሑፍ ሥር ለጥፌዋለሁ፤ ገልብጡት እንጂ አትንቀሉት። ካርዱ የተቆለፈበትን ልጅ በሚመለከት፣ ሰኞ ጠዋት ሁለት ሽማግሌ ከእኔ ጋር ወደ አሠሪው ቢሄድ ጥሩ ነው። ማን ይሄዳል? እጃችሁን አውጡና ከዚያ ወደ ቦይ ጠረጋው እንለፍ።