የሶዶ ድንበርና የሩቁ ሰማይ



በዳሞታ ተራራ ግርጌ፣ በወላይታ ሶዶ ዙሪያ፣ የገበሬው ማሳ ጠባብ ስለሆነ የአንድ ክንድ ልዩነት ጎረቤትን ከጎረቤት ለማካሰስ ትበቃለች። ቀያሹ ዛሬ ድንበሩን በሳተላይት መቀበያ ይለካል። ዳሩ ግን የልኩ መጨረሻ ዋስ ሳተላይቱ ሳይሆን ኳሳር የሚባለው እጅግ ሩቅና እጅግ ብሩህ የሰማይ አካል ነው።

ኳሳር በአንድ የከዋክብት ረጨት እምብርት የሚገኝ ግዙፍ ጥቁር ጉድጓድ የሚስበው ጋዝ ግሎ የሚያወጣው ብርሃን ነው። እ.ኤ.አ. በ1962 በአውስትራሊያ የፓርክስ ራዲዮ ቴሌስኮፕ፣ ጨረቃ 3ሲ 273 የተባለውን የራዲዮ ምንጭ ስትጋርደው ቦታው በትክክል ተለየ፤ በተከታዩም ዓመት ማርተን ሽሚት ኅብረ ብርሃኑን መርምሮ ርቀቱን አወቀ፤ ይኸውም ወደ 2.4 ቢሊዮን የብርሃን ዓመት ነው። ይህን ያህል የራቀ አካል ቢንቀሳቀስ እንኳ ከምድር ሲያዩት የቆመ ነው። ቀያሽስ ከዚህ የተሻለ ችካል ከየት ያገኛል?

እጅግ የተራራቁ አንቴናዎች አንዱን ኳሳር በአንድ ጊዜ እያዳመጡ፣ ሞገዱ የደረሰበትን ቅጽበት በሃይድሮጅን ሜዘር ሰዓት ይመዘግባሉ። የራዲዮ ሞገድ በቢሊዮንኛ ሴኮንድ 30 ሴንቲሜትር ይጓዛልና፣ ከዚያ እጅግ ያነሰው መዘግየት ሲለካ የአንቴናዎቹ ርቀትና የምድር አዟዟር ይታወቃል። ሳተላይቶች ብቻቸውን ይህን አዟዟር ለረጅም ጊዜ ሊከታተሉት አይችሉም፤ የምሕዋራቸው መዞር ከምድር መዞር ጋር ይደባለቅባቸዋል። በሶዶ ኬክሮስ የአንድ ሺህኛ ሴኮንድ ስሕተት 46 ሴንቲሜትር ነው፤ ያችው የገበሬው ክንድ ማለት ነው።

ብሩህ የሆነ ሁሉ ግን ለችካልነት አይበጅም። 3ሲ 273 ረጅም የጋዝ ጅረት ስለሚተፋ የራዲዮ መልኩ ይለዋወጣል። ስለዚህ እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ የሚሠራበት የሰማይ ማጣቀሻ የቆመው ተለይተው በተመረጡ 303 ምንጮች ላይ ነው።

የወላይታ ምድር ደግሞ አትቆምም። ሶዶን የተሸከመው የአፍሪካ ንጣፍ በዓመት 3 ሴንቲሜትር ገደማ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ይሄዳል፤ በምሥራቅ፣ በቢላቴና በአባያ በኩል፣ ስምጥ ሸለቆው በዓመት 5 ሚሊሜትር ያህል ይሰፋል። ከ10 ዓመት በፊት የተመዘገበ ቁጥር እንዳለ ተወስዶ በዛሬ መሣሪያ ቢተከል ድንበሩ 30 ሴንቲሜትር ያህል ይስታል፤ ባለማሳው ጎረቤቱን ይጠረጥራል። የተለካበት ዓመት ከቁጥሩ አጠገብ ቢጻፍ ጥርጣሬው ባልተነሣም ነበር።

በዚህ ሥራ በአፍሪካ ረጅም ዘመን ያገለገለው አንቴና በደቡብ አፍሪካ፣ በሃርተቤስትሁክ ይገኛል፤ ከሶዶ ወደ 3,800 ኪሎሜትር ይርቃል። እርሱም የተተከለው ሶዶ ባለችበት ንጣፍ ላይ ስለሆነ የንጣፉን ጉዞ ይነግራል፤ የአባያ ማዶው ግድግዳ በየዓመቱ ምን ያህል እንደሚርቅ ግን ሊነግር አይችልም።