ሦስተኛው ዲያቆን፦ ልጆችን ወደ መቅደስ አገልግሎት ስለ መጋበዝ



የዛሬው ርእሴ ለአንድ የታሪክ መምህር ያነሰ ሊመስል ይችላል። አንድ የሥራ ባልደረባዬ በኮሪደሩ የተለጠፈውን ማስታወቂያ አንብቦ «ዘንድሮ ደግሞ ስብከት ጀመርህ?» ሲል ጠይቆኛል። የምናገረው ስብከት አይደለም። ነገር ግን ጉዳዩን ከሩቅ ሆኜ እንደምመለከት አድርጌ ራሴን ባቀርብ ሐሰት ይሆንብኛል። ከዘጠኝ ዓመቴ ጀምሮ እስከ ዐሥራ አምስት ዓመቴ ድረስ ዲያቆን ነበርሁ። ያቆምሁበትም ሁኔታ ዛሬም ድረስ የሚከነክነኝ ስለ ሆነ ከእርሱ ልጀምር።

የተወለድሁት በምሥራቅ ጎጃም፣ በአንዲት ትንሽ የገጠር አጥቢያ ነው። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ቅዳሴ ከአምስት ልዑካን ባነሰ አይቀደስም፤ ሁለት ካህናትና ሦስት ዲያቆናት ያስፈልጋሉ። ሠራዒው ዲያቆን መስቀሉን ይዞ ሕዝቡን ያዝዛል፤ የጳውሎስን መልእክት ያነብባል። ንፍቁ ዲያቆን የሌሎቹን ሐዋርያት መልእክታት ያነብባል። ሦስተኛው ግን ብዙ ጊዜ ከሁሉ ታናሹ ልጅ ነው። መብራት ይይዛል፣ ቃጭል ይመታል፣ የታዘዘውን ያቀብላል። ከምእመናኑ መካከል ስሙን የማያውቀው ብዙ ነው። እኔ ያ ሦስተኛው ልጅ ነበርሁ። ሌሊት በዶሮ ጩኸት ተነሥቼ ውኃ እቀዳለሁ፤ በቤተ ልሔም ለመሥዋዕት የሚሆነው ስንዴ ሲቦካና ሲጋገር አግዛለሁ፤ ዘቢቡ ሲጨመቅ ዕቃ እይዛለሁ። በክረምት የመቅደሱ ወለል እግር ያደነዝዛል። ከሁሉም የከበደኝ ግን ብርዱ ሳይሆን እንቅልፉ ነበር።

ዐሥራ አምስት ዓመት ሲሞላኝ ለዘመናዊ ትምህርት ወደ ወረዳው ከተማ ሄድሁ። ያጨበጨበልኝ እንጂ የከለከለኝ አልነበረም። በመስከረም 21 ቀን፣ በአጥቢያችን የማርያም በዓል ዕለት፣ ሁለቱ ካህናትና ሁለቱ ዲያቆናት ተገኙ፤ ሦስተኛ ታጣ። ከወንዝ ማዶ ካለው ደብር አንድ ልጅ እንዲያመጣ ሰው ተላከ፤ ወንዙ ግን ገና አልጎደለም ነበርና መሻገር አልተቻለም። ሕዝቡ እስከ ረፋድ ጠብቆ፣ ኪዳን አድርሶ ተበተነ። ይህን የሰማሁት ለገና ዕረፍት ስመለስ ከእናቴ ነው። አልወቀሰችኝም። «በማርያም ቀን ቤተ ክርስቲያኗ ታጠነች እንጂ አልተቀደሰባትም» አለችና ሥራዋን ቀጠለች።

ከዚያ ወዲህ በብዙ የገጠር አጥቢያዎች ተመሳሳይ ታሪክ ሰምቻለሁ። ዕጣን የሚገዛ ይገኛል፤ ጣራውን በቆርቆሮ የሚያድስ የከተማ ተወላጅም አይጠፋም፤ የሚጎድለው ሦስተኛው ልጅ ነው። መፍትሔ ተብሎ የሚቀርበው ደግሞ ምንጊዜም አንድ ነው። ሰባኪው ተነሥቶ «ልጆቻችሁን ለቤተ ክርስቲያን ስጡ» ይላል፤ የሳሙኤልን በቤተ መቅደስ ማደግ ይተርካል፤ የቅዱስ ያሬድንና የትሏን ታሪክ ያክላል (እናንተም ታውቁታላችሁና እኔ አልደግመውም)፤ በመጨረሻ ዘመኑን ይወቅሳል። ዛሬ ማታ ላሳያችሁ የምሻው፣ በአገራችን ታሪክ ልጆች ወደ መቅደስ በምክር ብቻ የመጡበት ዘመን እምብዛም እንዳልነበረ ነው። ያመጧቸው ሌሎች ገመዶች ነበሩ። ገመዶቹ አንድ በአንድ ተበጠሱና ምክሩ ብቻውን ቀረ።

የመጀመሪያው ገመድ የጳጳሱ እጅ ነው። በ1943 ዓ.ም. የራሳችን ሊቀ ጳጳስ እስኪሾም ድረስ ቤተ ክርስቲያናችን ለብዙ መቶ ዓመታት ከግብፅ በሚመጣ ጳጳስ ትተዳደር እንደ ነበር ታውቃላችሁ። ጳጳሱ ሲሞት ተተኪው እስኪመጣ ዓመታት ያልፋሉ፤ በእነዚያ ዓመታት ክህነትም ዲቁናም የሚሰጥ አይኖርም። እ.ኤ.አ. በ1520 ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር ወደ ዐፄ ልብነ ድንግል ግዛት የመጣው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ፣ አቡነ ማርቆስ ዲቁና ሲሰጡ ተመልክቶ እጅግ ተደንቋል። ከተሿሚዎቹ መካከል ገና ማንበብ ያልጀመሩ፣ እንዲያውም በክንድ የታቀፉ ሕፃናት ነበሩ። ምክንያቱን ሲጠይቅ፣ ጳጳሱ አርጅተዋል፤ ሌላ ጳጳስ መቼ እንደሚመጣ አይታወቅም፤ ሕፃናቱ ሲያድጉ ይማራሉ የሚል መልስ አገኘ። አልቫሬዝ ነገሩን እንደ ጉድለት ነው የጻፈው። እኔ ግን ሳነብበው የሚታየኝ የወላጆቹ ስጋት ነው። ነገ ጳጳስ ባይኖርስ? መቅደሱ ቢዘጋስ? ልጃቸውን ተሸክመው ረጅም መንገድ የተጓዙት ይህን ፈርተው ይመስለኛል።

ሁለተኛውና ጠንካራው ገመድ መሬት ነበር። በዚህ ላይ ጥቂት ልቆይ፤ ተማሪዎቼ የሚዘነጉት ይህን ነውና። የቤተ ክርስቲያን መሬት የያዘ ሰው ግብሩ አገልግሎት ነበር። ራሱ ካልቀደሰ ወይም በማኅሌት ካልቆመ፣ በምትኩ የሚያገለግል ሰው ያቆማል። የታሪክ ምሁሩ ዶናልድ ክረሚ በጎንደር አብያተ ክርስቲያናት መጻሕፍት ኅዳጎች ላይ የተጻፉትን የመሬት ውሎች አገላብጦ እንዳሳየው፣ ሴቶች ሳይቀሩ እንዲህ ያለውን ርስት ይዘው አገልግሎቱን በሌላ ሰው ያስፈጽሙ ነበር። እንግዲህ አስቡት፤ አንድ ገበሬ ሦስት ወንዶች ልጆች ቢኖሩት አንዱን የኔታ ዘንድ የሚልከው ስለ ነፍሱ ብቻ አልነበረም። መሬቱ ከቤቱ እንዳይወጣ ጭምር ነው። ይህን ስል እምነቱን ማቃለሌ አይደለም። እምነትና እንጀራ በአንድ ገበታ ይቀርቡ ነበር ማለቴ ነው። ከዚያ በየካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬትን የሕዝብ ሀብት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 31 ታወጀ፤ ገመዱም በአንድ ቀን ተቆረጠ። አዋጁ ለጭሰኛው ምን እንዳደረገለት ሌላ ሰፊ ታሪክ ነው፤ የዚያ ታሪክ ተጠቃሚ ከሆኑት ቤተሰቦች አንዱ የእኔው ነው። ለአጥቢያው ግን ከዚያ ቀን ወዲህ የዲያቆን ድርጎ የምእመናን መዋጮ ሆነ። መዋጮ ደግሞ በመጀመሪያ ለካህኑ ይደርሳል፤ ሦስተኛው ልጅ ጋ ሲደርስ ያልቃል።

ሦስተኛው ገመድ ብፅዓት ነው። ልጅ የታመመባት ወይም ልጅ የዘገየባት እናት ትሳላለች፤ ልጁ ከዳነ ወይም ከተወለደ ለቤተ ክርስቲያን ይሰጣል። ይህ ገመድ ዛሬም አልተበጠሰም። ነገር ግን «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ያነበባችሁ ሁሉ የበዛብህን ዕጣ ታስታውሳላችሁ። በወላጆቹ ብፅዓት የታሰረው እርሱ ነው፤ ፈቃዱን ግን የጠየቀው ሰው የለም። ሐዲስ ዓለማየሁ መጽሐፋቸውን በ1958 ዓ.ም. ሲያሳትሙ ካነሷቸው ጥያቄዎች አንዱ ይህ ነበርና፣ ልጆችን ወደ መቅደስ እንጋብዝ የምንል ሰዎች ልንሸሸው አይገባንም። ልጅን መስጠትና ልጅን መጋበዝ ይለያያሉ። የተሰጠ ልጅ ቀን ይቆጥራል። እኔም እቆጥር ነበር።

ወደ ዛሬ እንመለስ። ዲቁና በገጠር ልማድ የልጅነት አገልግሎት መሆኑን አንርሳ። ልጁ ሲጎለምስ ወይ አግብቶ ይቀስሳል፣ ወይ ይመነኩሳል፣ ወይ እንደ እኔ ይርቃል። ስለዚህ አንድ አጥቢያ በየጥቂት ዓመቱ አዲስ ልጅ ካላፈራ ይደርቃል። ልጁ ደግሞ ዛሬ ሁለት ትምህርት ቤት አለበት። በዐቢይ ጾም ቅዳሴ የሚጀመረው ከእኩለ ቀን ወዲያ ነው፤ ሲፈጸም ዘጠኝ ሰዓት ያልፋል። ልጁ የከሰዓት ፈረቃ ተማሪ ከሆነ ሁለት ወር ሙሉ ከክፍል ይቀራል፤ ወይም ከመቅደስ ይቀራል። የጠዋት ፈረቃ ከሆነ ደግሞ ባዶ ሆዱን ሒሳብ ተምሮ፣ ባዶ ሆዱን ሮጦ መጥቶ፣ ባዶ ሆዱን ይቆማል። ይህን ልጅ «ስለ ምን ሰነፍህ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰባኪ ቁርሱን በልቶ እንደ ሆነ እጠረጥራለሁ።

በድሮው ሥርዓት ረኀቡ መልክ ነበረው። የቆሎ ተማሪው ደበሎውን ለብሶ፣ አኮፋዳውን አንግቶ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ሲዞር መንደሩ ድርሻውን ያውቃል። ውሻ ይነክሰዋል፤ እናቶች ግን ያጎርሱታል። ወደ ደብረ ዓባይ ወይም ወደ ሰለልኩላ ሄዶ ቅዳሴ ያስመሰከረ ልጅ ወደ አገሩ ሲመለስ ሽማግሌ ከመቀመጫው ይነሣለት ነበር። ክብሩ ለረኀቡ ካሣ ነበር። ዛሬ ያው ልጅ በትምህርት ቤቱ ግቢ «ደብተራ!» ተብሎ ይቀለድበታል። ይህን ቀልድ በዚህ ግቢም ሰምቻለሁ፤ ከተማሪም ብቻ አይደለም።

አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር። እኔ ስድስት ዓመት ሙሉ በቃሌ ያወጣሁትን ግእዝ ምን ማለት እንደ ሆነ የነገረኝ አልነበረም። ድምፁን አውቀዋለሁ፤ ትርጉሙን አላውቀውም። የመጀመሪያውን የግእዝ ሰዋስው የተማርሁት በዩኒቨርሲቲ ነው። መምህሩ ሰሌዳው ላይ አንድ ግስ ሲያረቡ፣ ሌሊት ሌሊት ስጮኸው የነበረው ቃል ድንገት ተከፈተልኝና ከክፍል ወጥቼ ደጅ ቆምሁ። በዐሥር ዓመቴ ይህን ያገኘሁ ቢሆን ኖሮ ቀን እቆጥር ነበር ወይ? ብዙ ጊዜ ራሴን እጠይቃለሁ። በሰሜን አሜሪካ ያሉ አንዳንድ አጥቢያዎች ቅዳሴውን በግእዝ፣ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ጎን ለጎን አትመው እዚያ የተወለዱትን ልጆች ያስተምራሉ። ከእኛ ይልቅ እነርሱ ቀድመው የገባቸው ይህ ሳይሆን አይቀርም፤ ትርጉሙን የማያውቅ ልጅ እዚያ የሚያቆየው ምንም ነገር የለምና።

የራሴን ልጅ ነገር ጠይቃችሁኝ አታውቁም፤ ዝም ብዬ ባልፍ ግን ደስ አይለኝም። ልጄ የሰባት ዓመት ልጅ ሳለ በምንኖርበት ከተማ ወደ አንድ ደብር ለፊደልና ለንባብ ላክሁት። በሁለተኛው ወር እጁ በአለንጋ አብጦ መጣ። መልሼ አልላክሁትም። እኔ ስገረፍ «ይህ የአባቶች ወግ ነው» ብዬ ተቀብዬ ነበር፤ በልጄ ላይ ሲሆን ግን አልቻልሁም። ዛሬ ዐዋቂ ነው፤ በበዓል ቀን በር ላይ ተሳልሞ ይመለሳል። ግርፋቱ ልጁን ከመቅደስ እንዳራቀው አውቃለሁ። ሌላ መምህር አለመፈለጌ ግን የእኔ ጥፋት ነው።

(ከመካከላችሁ ስለ ሴቶች ልጆች የምታስቡ እንዳላችሁ ይገባኛል። በእኛ ሥርዓት ዲቁና ለወንዶች የሚሰጥ ነው፤ ሰንበት ትምህርት ቤቶችን ዛሬ ካቆሙት መካከል ግን ልጃገረዶች ብዙ ናቸው። ራሱን የቻለ ንግግር ይገባዋል።)

ባለፈው ዓመት ለእናቴ ተዝካር ወደ ትውልድ አጥቢያዬ ሄጄ ነበር። በቅዳሴው ላይ ሰባት ልጆች ቆጠርሁ። ቅዳሴው ሲፈጸም አስተዳዳሪውን ቄስ ምስጢሩን ጠየቅኋቸው። ሳቁብኝ። «ምን ምስጢር አለው ልጄ፤ ከርእሰ መምህሩ ጋር ቡና ጠጣን» አሉኝ። ነገሩ እንዲህ ነው፤ በዐቢይ ጾም የሚያገለግሉት ልጆች በጠዋቱ ፈረቃ እንዲመደቡ ከትምህርት ቤቱ ጋር ተስማሙ። ሰባቱ በሳምንት ተከፋፈሉና አንዱ ልጅ በሳምንት ከሁለት ቀን በላይ የሚቆም አልሆነም። የአጥቢያዋ እናቶች በየተራ ከቅዳሴ በኋላ ለልጆቹ እንጀራ ያመጣሉ፤ አንዷ ተራዋን ብትረሳ ሌላዋ አትምራትም። ከአዲስ አበባ ተምሮ የተመለሰ አንድ ወጣት ዲያቆን ደግሞ ቅዳሜ ቅዳሜ የዜማውን ቃል በአማርኛ ይፈታላቸዋል። አለንጋ እንዳይያዝ ሰበካ ጉባኤው ወስኗል። የኔታ መጀመሪያ ተቀይመው ነበር አሉ፤ አሁን ለምደዋል።

ሦስተኛው ዲያቆን የዐሥር ዓመት ልጅ ሳይሆን አይቀርም። ልብሰ ተክህኖው ረዝሞበት ጫፉን በእጁ ይዟል። በቤተ ልሔም ደጅ ተቀምጦ እንጀራውን ሲበላ አጠገቡ ተቀመጥሁ።

«ጋሼ፣ እርስዎም ዲያቆን ነበሩ አሉ» አለኝ።

«ነበርሁ።»

«ለምን ተዉት?»

«ትምህርት ቤት ገባሁ» አልሁት።

ጥቂት አሰበና «እኔም እኮ አራተኛ ክፍል ነኝ» አለ። ከዚያ የቅዳሴ መጽሐፋቸው ከመሀል ገጾቹ እንደ ወደቁ፣ ለሰባት ልጅ አንድ ብቻ እንደ ሆነ ነገረኝ። ትርጉም ያለበት ቢሆን እንደሚመርጥም አልደበቀኝም። ሰባት ቅጂ ገዝቼ ልኬአለሁ፤ ባለፈው ሳምንት መድረሱን በስልክ ሰምቻለሁ።

እዚህ ላይ ላቁም። ጥያቄዎቻችሁን እቀበላለሁ፤ በተለይ ዲያቆናት የነበራችሁ ተማሪዎች፣ እናንተ ያቆማችሁት በምን ምክንያት እንደ ነበር ብትነግሩኝ እወዳለሁ።