መሣሪያው ቅኝታችንን እንዳይወስድብን

(በሐዋሳ፣ ምሥራቅ ክፍለ ከተማ፣ በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



የዛሬው ንግግሬ ስለ አዲሱ ሙዚቃና ስለሚሠራበት መሣሪያ ነው። ርእሱ እንዲያው ለጨዋታ ያህል የተመረጠ አይደለም። ማኅበራችን ከመዋጮ ያጠራቀመው ገንዘብ አንድ ዕቃ እንጂ ሁለት እንደማይገዛ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። በዚህም ጉዳይ ሁለት ወገን ሆነን እንከራከራለን። አንደኛው ወገን፦ «ዘመኑ የኪቦርድና የኮምፒዩተር ነው፤ ኪቦርድ ይገዛ» ይላል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ፦ «የአገራችንን ዜማ ያበላሸው ኪቦርድ ነው፤ ገንዘቡ ለክራርና ለማሲንቆ ይዋል» ይላል። በሚመጣው ሳምንት ድምፅ እንሰጣለን። እኔ በበኩሌ ከሁለቱም ወገን እውነት የሆነውን ወስጄ ሦስተኛ ሐሳብ ማቅረብ እፈልጋለሁ።

ከሁሉ አስቀድሞ በአንድ ነገር እንስማማ። ክራርም መሣሪያ ነው። እንጨቱን የጠረበ፣ ቆዳውን የወጠረ፣ አውታሩን ያሰረ ሰው አለው። ማሲንቆም እንዲሁ። ስለዚህ «መሣሪያ ሙዚቃን ያጠፋል» የሚለው አነጋገር እንደ ቃሉ ከተወሰደ አያስኬድም። በክራርና በኪቦርድ መካከል ያለው ልዩነት ሌላ ነው። ክራሩን ተጫዋቹ ራሱ ከመጫወቱ በፊት ይቃኘዋል፤ ኪቦርዱ ግን ተቃኝቶ ከፋብሪካ ይመጣል። ይህን ልዩነት ልብ በሉልኝ፤ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

አሁን ጥቂት ታሪክ ልጥቀስ። ዓመቶቹን የምጠራው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው። የኢትዮጵያ ዘፈን በሸክላ የተቀረጸው ገና ብዙው ሰው ስለ መቅረጫ መሣሪያ ባልሰማበት ጊዜ፣ በ1908 ገደማ፣ ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ጀርመን አገር በነበሩበት ወቅት ነው። የዚያን ጊዜው ሸክላ በአንድ ፊቱ ከሦስት ወይም ከአራት ደቂቃ የበለጠ አይዝም ነበር። አዝማሪ በሰርግ ቤት ሌሊቱን ሙሉ የሚያወርደው ግጥም በሦስት ደቂቃ ውስጥ እንዲያልቅ የግድ ሆነ። እንግዲህ መሣሪያው ገና ከመጀመሪያው ቀን ዘፈኑን በራሱ ልክ ቆርጦታል። ሆኖም በዚያው ሸክላ ምክንያት የነጋድራስ ድምፅ ከመቶ ዓመት በኋላ ለእኛ ደርሷል። ጥቅሙና ጉዳቱ ተጣብቀው የመጡ ናቸው፤ አንዱን አንሥቶ ሌላውን መተው የሚቻለው ሰው ሲያስብበት ብቻ ነው።

ሁለተኛው ታሪክ ለእኛ ለተማሪዎች በጣም የቀረበ ይመስለኛል። ስለ ኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ሲነገር ብዙ ጊዜ የሚጀመረው ከፓሪስ ነው። በ1948 ፒየር ሼፈር የተባሉ ፈረንሳዊ የባቡርን ድምፅ ቀርጸው፣ እየቆራረጡና እየደጋገሙ ሙዚቃ አደረጉት። ነገር ግን ከዚያ አራት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1944፣ ካይሮ ውስጥ ሐሊም ኤል ዳብ የተባሉ ወጣት ተመሳሳይ ሥራ ሠርተው ነበር። ትምህርታቸው እርሻ ነበረ፤ እዚህ ያላችሁ የግብርና ተማሪዎች ይህን ስትሰሙ ደስ እንደሚላችሁ አልጠራጠርም። ከአንድ የራዲዮ ጣቢያ የሽቦ መቅረጫ ተዋሱ። ይህ መሣሪያ ድምፅን በቀጭን የብረት ሽቦ ላይ በማግኔት ኃይል የሚጽፍ ነበር። ተሸክመውትም የሄዱት ሴቶች የዛር ሥርዓት ወደሚያደርጉበት ቦታ ነው። የሴቶቹን ዜማ ቀረጹ፤ ከዚያም በጣቢያው ክፍል ውስጥ ዋናውን ድምፅ እየቀነሱ ከበስተጀርባ ያለውን ረቂቅ ድምፅ አጐሉት፤ የገደል ማሚቶም ጨመሩበት። ዛር ለእኛ እንግዳ ቃል አይደለም። ከዓለም የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ የመጀመሪያዎቹ ሥራዎች አንዱ የተሠራው እኛ አገርም ከሚታወቅ ሥርዓት ድምፅ ነው ማለት ነው።

እኚህ ሰው በ1962 ወደ አዲስ አበባ መጥተው እስከ 1964 ድረስ በያኔው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ አስተማሩ። ከዚያ በፊት አሜሪካን አገር በኮሎምቢያና በፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲዎች የጋራ የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ማእከል ሠርተዋል። በዘመኑ ከነበረው መሣሪያ ሁሉ የረቀቀውን ያውቁ ነበር። እዚህ መጥተው ያደረጉት ግን ምን ነበር? በ1963 ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን አቋቋሙ። በየአገሩ ለየብቻቸው የሚሰሙትን ማሲንቆ፣ ክራር፣ በገና፣ ዋሽንት፣ እምቢልታና ከበሮ በአንድ መድረክ ላይ አገናኙ። ኦርኬስትራውን በኋላ ተስፋዬ ለማ መርተውታል፤ በ1969ም አሜሪካን አገር ድረስ ሄዶ ተጫውቷል። እንግዲህ «ወይ ኪቦርድ ወይ ክራር» እያልን ለምንከራከር ለእኛ ይህ መልስ አይሆንም ትላላችሁ? አዲሱን መሣሪያ ጠንቅቀው የሚያውቁት ሰው የድሮውን መሣሪያ ተጫዋች ፍለጋ ወጥተዋል።

ሦስተኛው ጉዳይ የባለቤትነት ነው። እስከ 1960ዎቹ መጨረሻ በአገራችን ሸክላ የማሳተም መብት ለሀገር ፍቅር ብቻ የተሰጠ ነበር። በ1969 አምሃ እሸቴ የተባሉ የሙዚቃ ሱቅ የነበራቸው ወጣት ይህን ሳይፈሩ የዓለማየሁ እሸቴን ዘፈን ሕንድ አገር አሳትመው አስመጡ። እስከ 1975 ከመቶ በላይ ሸክላ አሳተሙ። ዛሬ ዓለም «የኢትዮጵያ ወርቃማ ዘመን» እያለ የሚያደንቀው ሙዚቃ ከፍ ያለ ድርሻው የተረፈው እንዲህ ባሉ ሰዎች ድፍረት ነው። ከሸክላ ቀጥሎ ካሴት መጣ። ካሴት ርካሽ ስለ ነበረ ዘፈኑን እስከ ገጠር አደረሰው፤ ርካሽ ስለ ነበረም ማንም እየገለበጠ ሸጠው፤ ዘፋኙ ባዶ እጁን ቀረ። ዛሬ በስልክ የምንላላከው ዘፈን የዚያው የካሴት ልጅ ነው።

የመሣሪያና የቅኝት ጋብቻ እንዴት እንደሚያምር ለማየት የሚፈልግ ኃይሉ መርጊያ በ1985 ዋሽንግተን ውስጥ የሠሩትን ካሴት ያዳምጥ። የዋልያስ ባንዱ ኪቦርድ ተጫዋች ብቻቸውን ሆነው አኮርዲዮንን ከሲንተሳይዘር፣ ከኤሌክትሪክ ፒያኖና ከበሮ ከሚመታ መሣሪያ ጋር አዋሐዱ። አኮርዲዮን በልጅነታችን አባቶቻችን ሲያነሡት የምንሰማው መሣሪያ ነው። ካሴቱ በ2013 እንደ ገና ታትሞ በዓለም ሲደመጥ ኃይሉ መርጊያ እዚያው ዋሽንግተን ታክሲ ይነዱ ነበር። በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል የሚባለው ለዚህ ነው። በእኛም ዘመን ሚካኤል ሰይፉና እንደገና ሙሉ፣ እንዲሁም በ2018 «ነጸብራቅ»ን ያወጣው ሮፍናን፣ በኮምፒዩተር የሚሠራ ሙዚቃ የኢትዮጵያን ድምፅ ሊሸከም እንደሚችል አሳይተዋል። ስለዚህ «ኪቦርድ አጠፋን» የሚለው ወገን እነዚህን ሊረሳ አይገባውም።

ይሁን እንጂ ያ ወገን አንድ ትልቅ እውነት ይዟል። ወደ ቅኝት ልመለስ። ኪቦርድ ከአንዱ «ዶ» እስከ ሚቀጥለው «ዶ» ያለውን መንገድ በአሥራ ሁለት እኩል ደረጃ ይከፍለዋል። የሙዚቃ ሊቃውንት እያንዳንዱን ደረጃ ደግሞ በ100 ይከፍሉታል፤ ጠቅላላው 1200 ይሆናል። ትዝታን፣ ባቲን፣ አምባሰልንና አንቺ ሆዬን በእነዚህ ደረጃዎች ላይ አስቀምጠን መጫወት እንችላለን፤ ነገር ግን ክራር የሚመታ ሰው አውታሩን የሚያጠብቀው በጆሮው እንጂ በአሥራ ሁለት እኩል ክፍል አይደለም። አንዱን ድምፅ በሃያ ከፍ፣ ሌላውን በሠላሳ ዝቅ ቢያደርገው የሚከለክለው የለም። በተለይ አንቺ ሆዬ ላይ ድምፆቹ ተቀራርበው በሚገኙበት ስፍራ ያቺ ትንሽ ልዩነት የዜማው ነፍስ ናት። ኪቦርዱ ይህችን ልዩነት ወደ ቅርቡ ደረጃ ይገፋታል። አንድ ልጅ ከልጅነቱ ጀምሮ ከኪቦርድ ብቻ ከሰማ፣ አያቱ በትክክል ሲዘፍኑ «ቅኝቱ ወጣ» ብሎ ሊያርማቸው ይነሣል። የሚያሳዝነው እንዲህ ያለው ነገር ነው።

መድኃኒት የለውም ወይ? አለው። ብዙ ኪቦርዶችና የኮምፒዩተር ፕሮግራሞች እያንዳንዱን ቁልፍ ለየብቻው ከፍና ዝቅ ለማድረግ የሚያስችል ክፍል አላቸው። ነገር ግን ምን ያህል ከፍ፣ ምን ያህል ዝቅ እንደሚደረግ ፋብሪካው አያውቅም። የሚያውቁት ተጫዋቾቹ ናቸው። ይህን ዕውቀት የምናገኘው ተጫዋቾቹን ቀርጸን፣ ደጋግመን አዳምጠንና ለክተን ነው።

እዚህ ላይ «ስልካችን ይቀርጻል፤ ሌላ መቅረጫ ምን ያደርጋል?» የሚል ጥያቄ እንደሚነሣ አውቃለሁ። ስልክ የተሠራው በመጀመሪያ ለንግግር ነው። በዙሪያው ያለውን ጫጫታ እየለየ ይቀንሳል፤ ዝቅ ያለውን ድምፅ ከፍ፣ ከፍ ያለውን ዝቅ ያደርጋል። በስብሰባ ላይ ይህ ጥሩ ነው። በገና ላይ ግን አስቡት። የበገና ድምፅ የሚነዝረው በአውታሩና በድልድዩ መካከል በምትገባው ትንሽ ቆዳ ምክንያት ነው፤ ሠሪው ሆነ ብሎ ያደረገው ነው። ስልኩ ግን ያንን ንዝረት እንደ ጫጫታ ሊቆጥረው ይችላል። ሐሊም ኤል ዳብ ከድምፁ ላይ ሲቀንሱ ምን እንደሚቀንሱ ያውቁ ነበር፤ ስልኩ ሲቀንስ ግን ማንም አልጠየቀንም። ደኅና መቅረጫ ድምፁን በሰከንድ 44,100 ጊዜ ወይም ከዚያ በላይ ለክቶ እንዳለ ያስቀምጠዋል፤ መጨመርና መቀነሱን ለእኛ ይተውልናል።

ይህ ጉዳይ ለእኛ ለሐዋሳ ተማሪዎች ከሌላው ሁሉ ይልቅ የሚያስቸኩል ነው። በየዓመቱ ፊቼ ጨምበላላ ሲከበር ጉዱማሌ ላይ ሽማግሌዎችና ወጣቶች ተሰልፈው ቄጣላ ሲያዜሙ እናያለን። በዓሉ በ2015 በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ባህላዊ ቅርሶች መዝገብ ላይ ሰፍሯል። መዝገብ ላይ መስፈሩ ክብር ነው፤ ዜማውን ግን መዝገቡ አይዘፍነውም። በዚህ አዳራሽ ውስጥ ደግሞ ከሲዳማ፣ ከወላይታ፣ ከጌዴኦ፣ ከጉራጌ፣ ከአማራ፣ ከኦሮሞና ከሌላውም የመጣን አለን። እያንዳንዳችን ለእረፍት ወደየቤታችን ስንሄድ ዜማ የሚያውቁ አያት ወይም ጐረቤት አናጣም። እንዲህ ያለ ሀብት መካከል ተቀምጠን የሌላ አገር የከበሮ ምት ከኢንተርኔት ፈልገን ስናወርድ፣ የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው የተባለው በእኛ ደረሰ ያሰኛል።

«የድሮውን መሰብሰብ የሙዚየም ሥራ ነው፤ እኛ አዲስ መፍጠር እንፈልጋለን» የሚሉ ጓደኞቼ ቅር አይበላቸው። እኔም አዲስ ነገር እፈልጋለሁ። ሙላቱ አስታጥቄ ኢትዮ ጃዝን ሲፈጥሩ አምስቱን ድምፅ ጥለው አይደለም፤ ባዕዱን ስልት በእነርሱ ላይ ገንብተው ነው። በ2007 ሐርቫርድ ዩኒቨርሲቲ በተጋበዙ ጊዜም ካተኮሩባቸው ሥራዎች አንዱ ክራርን ለአዲሱ ዘመን ማሻሻል ነበር። አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው መሠረቱን ይቆፍራል እንጂ አይዘለውም።

እንግዲህ ሐሳቤ ይህ ነው። በተጠራቀመው ገንዘብ አንድ ደኅና የድምፅ መቅረጫ ከሁለት ማይክሮፎን ጋር ይገዛ። ኮምፒዩተር አብዛኞቻችን አለን፤ ድምፅ የሚስተካከልበትም በነጻ የሚገኝ ፕሮግራም አለ። ኪቦርድ ፈላጊው ወገን ከሚቀረጸው ድምፅ ቅኝቱን ለክቶ አዲስ ሙዚቃ ይሥራ፤ ክራር ፈላጊው ወገን የሚማርበትን ዜማ ከዚያው ያግኝ።

ሦስት ደንብም እንዲኖረን አሳስባለሁ። አንደኛ፤ ማንም ሰው ሳይፈቅድ አይቀረጽ። ይህ ጨዋነት ብቻ አይደለም፤ በእኛ አቆጣጠር በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጅና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410 ለከዋኙ የሰጠው መብት ነው። ሁለተኛ፤ የዘፈነው ሰው ስም፣ የመጣበት ቦታና የተቀረጸበት ቀን ከድምፁ ጋር አብሮ ይጻፍ። «የሕዝብ ዜማ» እየተባለ የስንቱ ባለሙያ ስም ተሰርዟል! ሦስተኛ፤ ዋናው ቅጂ ሳይነካ ይቀመጥ፤ አንዱም ቅጂ ለዘፈነው ሰው ወይም ለቤተ ሰቡ ይመለስ። ከእርሱ ወስደን በኮምፒዩተር ቀይረን ስንሸጠው እርሱ የራሱን ድምፅ ለመስማት እኛን የሚለምን ከሆነ፣ ከካሴት ገልባጮቹ በምን ተሻልን?

ጓደኞቼ፤ ኪቦርድ ነገም ይገኛል፤ ዋጋውም እየረከሰ ይሄድ ይሆናል። አንዲት አሮጊት እናት ቅኝታቸውን ይዘው ቢያልፉ ግን ከየትኛውም ሱቅ ገዝተን አናመጣውም። ድምፅ ስትሰጡ ይህን አስቡልኝ። መምህራኖቻችንም በአለካኩና በአቀራረጹ ሥራ ምክራቸውን እንዳይነፍጉን በትሕትና እለምናለሁ።