የባዮሎጂ መምህሩና ፕሮግራም ሠሪው



ዛሬ የምናገረው ስለ አንድ ጠረጴዛ ነው። የመምህራን ጉባኤ በተደረገ ቁጥር የትምህርት ሶፍትዌር የሚሠሩ ሰዎች ከአዳራሹ በር አጠገብ ኮምፒዩተራቸውን ዘርግተው የሚቆሙበትን ጠረጴዛ ብዙዎቻችሁ አይታችኋል። በሻይ ሰዓት መምህራኑ ይጠጋሉ፤ ሠሪው ያሳያል፤ መምህሩ ያደንቃል፤ ወረቀት ተቀብሎም ይሄዳል። ከዚያ ወዲያ ሁለቱ አይተያዩም።

አንድ ጊዜ እንዲህ ካለው ጠረጴዛ አጠገብ ቆሜ ሳለሁ፣ ከገረሴ የመጡ አንድ የባዮሎጂ መምህር ቀረቡ። ይታይ የነበረው ፕሮግራም ተላላፊ በሽታ በከተማ ሕዝብ መካከል እንዴት እንደሚዛመት የሚያሳይ ነበር። መምህሩ ጥቂት ተመለከቱና፣ «ልጄ፣ ይህ ያለ ኢንተርኔት ይከፈታል ወይ? በሰዎቹ ፈንታስ እንሰት፣ በትንፋሹ ፈንታ ቢላዋ ሊገባበት ይችላል ወይ?» ብለው ጠየቁ። ወጣቱ ሠሪ ፈገግ ብሎ «ይታሰብበታል፣ ጋሼ» አለና ወደሚቀጥለው ሰው ዞረ።

ነገሩ በዚያው አበቃ። እኔ ግን የገረሴ ልጅ ነኝና ምን ማለታቸው እንደ ነበር ገብቶኛል።

ከአርባ ምንጭ በላይ በደጋው ለምንኖረው ሰዎች እንሰት ማለት ቤት ማለት ነው። ይህን ተክል የሚገድል የአጠውልግ በሽታ አለ። በሽታውን የሚያመጣውን ባክቴሪያ እ.ኤ.አ. በ1968 ለሳይንስ ዓለም ያስታወቁት ዳኛቸው ይርጉና ብራድበሪ ሲሆኑ፣ ያገኙትም በዚሁ በአገራችን እንሰት ላይ ነው። ያው ባክቴሪያ በኋላ ሙዝንም እንደሚያጠቃ ታወቀ፤ እ.ኤ.አ. በ2001 ደግሞ የዑጋንዳን ሙዝ መፍጀት ጀመረ። መድኃኒት የለውም። የታመመውን ተክል የቆረጠ ቢላዋ ሳይጸዳ ጤነኛውን ከቆረጠ በሽታው ተሻገረ ማለት ነው። ስለዚህ ቢላዋውን በእሳት መለብለብ፣ የታመመውንም ነቅሎ መቅበር ያስፈልጋል። ችግሩ ግን ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ እስኪታይ ድረስ ተክሉ ጤነኛ መምሰሉ ነው፤ እናቶቻችን ቢላዋውን የሚያምኑት በዚህ ምክንያት ነው።

እንግዲህ በዚህ በአንድ በሽታ ውስጥ ስንት የባዮሎጂ ምዕራፍ እንዳለ ተመልከቱ። ባክቴሪያው አለ፤ የበሽታው መተላለፍ አለ፤ ከአንድ አምቾ የሚበቅሉት ችግኞች ሁሉ እናታቸውን መምሰላቸው አለ፤ አንዱ የእንሰት ዓይነት ሲወድቅ ሌላው ጠንከር ብሎ መቆሙም አለ። ይህን በጓሮ ውስጥ ፈትኖ ማስተማር ግን አይቻልም። ብዙ ዓመት የተጠበቀውን እንሰት ለትምህርት ብሎ በበሽታ የሚያስበላ ማን ነው? ኮምፒዩተር የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። ተማሪው በመስኮቱ ላይ 100 እንሰት ተክሎ፣ አንዱን አሳምሞ፣ ቢላዋውን አንድ ጊዜ እየለበለበ፣ አንድ ጊዜ ሳይለበልብ፣ አሥር ጊዜ ቢሞክር የሚጎዳ ሰው የለም።

ሠሪውና መምህሩ ሳይገናኙ ሲቀሩ ምን እንደሚሆን በፕላዝማው አይተናል። በ1997 ዓ.ም. የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በሳተላይት ቴሌቪዥን መሰጠት ሲጀመር ባዮሎጂም አንዱ ነበር። ላቦራቶሪ ለሌለው ትምህርት ቤት ብዙ ነገር አሳይቷልና ጨርሶ ልኮንነው አልሻም። ነገር ግን ትምህርቱ በእንግሊዝኛ እየፈሰሰ ያልፍ ነበር፤ ተማሪው ባይገባው መምህሩ ሊያስቆመው አይችልም፤ መብራት ቢጠፋም ትምህርቱ አይጠብቅም። መምህሩ በገዛ ክፍሉ ውስጥ እንደ እንግዳ ጥግ ይዞ ቆመ።

የገረሴው መምህር የጠየቁት ነገር ደግሞ ሩቅ አይደለም። ዩሪ ዊለንስኪ የተባሉ ሰው እ.ኤ.አ. በ1999 ያወጡት ኔትሎጎ የሚባል ፕሮግራም አለ። በነፃ ይገኛል፤ አንዴ ከተጫነ ኢንተርኔት አይጠይቅም። በሽታ ሲዛመት የሚያሳዩ፣ ተኩላና በግ ሲበላሉ የሚያሳዩ ምሳሌዎች ከውስጡ አሉ፤ የተጻፈበትንም ትእዛዝ ከፍቶ መለወጥ ይቻላል። ፕሮግራም መጻፍ የሚያውቅ ተማሪ ሰውን በእንሰት ለመተካት ብዙ ጊዜ አይፈጅበትም። የሚቸግረው ቢላዋው ከየትኛው ተክል ወደ የትኛው እንደሚሄድ ማወቅ ነው፤ ይህን የሚያውቁት ደግሞ መምህሩና እናቶቻችን ናቸው።

የኮምፒዩተርና የባዮሎጂ ተማሪዎች በአንድ ግቢ እየኖርን በምግብ አዳራሽ ሰልፍ ካልሆነ በቀር አንገናኝም (እዚያም ቢሆን የምናወራው ስለ ወጡ ነው)። ስለዚህ ማኅበራችን በሚቀጥለው የመምህራን ጉባኤ አንድ ጠረጴዛ እንዲያዘጋጅ እጠይቃለሁ፤ በዚያ ጠረጴዛ ግን የሚቀመጠው መምህሩ ይሁን፣ ሠሪው እርሳስና ወረቀት ይዞ ይቁም።

እስከዚያው እኔ በክረምቱ ዕረፍት አንድ ላፕቶፕ ይዤ ወደ ገረሴ እወጣለሁ። መምህሩን አነጋግሬአለሁ፤ እሺ ብለዋል። የጎደለኝ ፕሮግራም የሚጽፍ አንድ ሰው ነው። ማደሪያና ቆጮ አለ፤ ብርዱ ግን ይከፋልና ጋቢ ይያዝ። ፈቃደኛ የሆነ ስሙን እስከ ዓርብ ለማኅበሩ ጸሐፊ ይስጥልኝ።